የተስፋፋ ቤት ልንገዛ ነው፤ ፍሳሹንና የግንባታ ፈቃዱን እንዴት እናጣራ?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ አንድ ቤት ልንገዛ በዋጋ ተስማምተናል። ቦታው 175 ካሬ ነው፣ ካርታ አለው። ዋናው ቤት የቆየ ቪላ ነው። በኋላ ሳሎኑ እስከ አጥሩ ተገፍቶ ሰፍቷል። ከጓሮ ደግሞ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ከነመታጠቢያው ተጨምሯል። ባለቤቱ «ሁሉም ፈቃድ አለው» ይላል፤ የሚያሳየን ግን ካርታውን ብቻ ነው። ግቢው በሙሉ ንጣፍ ስለሆነ ሴፍቲ ታንከሩ የት እንዳለ ጠየቅን። «ከንጣፉ ሥር ነው» አሉን። ደላላው ቀብድ ክፈሉ እያለ ያጣድፈናል። ምን ምን እንይ? እህታችሁን ምከሩኝ።

አባል፣ ፕላን አውጪ
ካርታና የግንባታ ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ካርታ ይዞታውን ነው የሚያረጋግጠው። እላዩ ላይ የቆመው ሁሉ በፈቃድ ተሠርቷል ማለት አይደለም። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ከወጣ ወዲህ ያለውን ቤት ማሻሻልም እንደ ግንባታ ነው የሚታየው፤ ፈቃድ ይጠይቃል።

ስለዚህ የማስፋፊያውን ፈቃድና ማህተም ያረፈበትን ፕላን ይስጣችሁ። ፕላኑን ይዛችሁ ሜትር አውጥታችሁ ለኩ። ሳሎኑ ወረቀት ላይ 4 ሜትር፣ መሬት ላይ 6 ሜትር ከሆነ 2 ሜትሩ ከፕላን ውጭ ነው። ሰርቪሱ ፕላኑ ላይ ጭራሽ ከሌለም ነገሩ ግልጽ ነው። አጥሩንም ከካርታው ጋር አስተያዩ፤ ግቢው ከካርታው በልጦ ከተገኘ ትርፉን አትገዙትም፤ የሻጩ አይደለምና። «ወረቀቱ ጠፍቷል» ካለ ሻጩ ራሱ ክፍለ ከተማ አብሯችሁ ይሂድና ፋይሉን ያስወጣ። እናንተ ብቻችሁን ብትሄዱ ላያሳዩአችሁ ይችላሉ።

አባል፣ የቧንቧ ሠራተኛ
እህቴ፣ «ከንጣፉ ሥር ነው» የሚለውን መልስ አትቀበዪ። ታንከሩ ሲሞላ መኪና መጥቶ ይመጠዋል፤ በየት በኩል ነው የሚመጠው? ክዳን ሊኖረው ግድ ነው። እኔ በተደጋጋሚ ያየሁት፣ ሰርቪስ ሲጨመር ክፍሉ ታንከሩ ላይ ይሠራል። ያኔ ሲሞላ ወለል መስበር ነው። ክዳኑን ሳታስከፍቱ ብር እንዳትከፍሉ።

ክዳኑ ሲከፈት አንድ ሰው እዚያ ይቁም። ሌላው ሰርቪሱ ሽንት ቤት ውስጥ ቀይ የምግብ ቀለም የተቀላቀለበት ባልዲ ውሃ ይድፋ። ቀለሙ ታንከሩ ጋ መምጣት አለበት። ካልመጣ ፍሳሹ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው። ወይ ለብቻው ጉድጓድ አለው፣ ወይ ደግሞ የመንገዱ የዝናብ ቦይ ላይ ተቀጥሏል። ቦይ ላይ መቀጠል ክልክል ነው፤ ሠፈሩንም ይመርዛል። የዋናውን ቤትና የወጥ ቤቱንም እንዲሁ ለየብቻ ሞክሩ።

ቀለሙ መጥቶ እየተጎተተ ከሆነም ችግር አለ። ሰርቪሱ ከታንከሩ ሲርቅ ቱቦው በቂ ቁልቁለት ያጣል። ለ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ቆሻሻው መሐል ላይ ይቀመጥና በየጊዜው ይደፈናል። ታንከሩ መጀመሪያ የተቆፈረው ለስንት ሰው እንደነበርም ጠይቁ። ዛሬ ሰርቪሱ ተከራይቶ የሰው ቁጥር ከጨመረ ቶሎ ቶሎ ይሞላል። የመንግሥት የፍሳሽ መስመር በበሩ ያልፍ እንደሆነ ደግሞ ከውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ጠይቁ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ! የዝናቡንስ? አሁን በጋ ነው፣ ምንም አይታይም።

አባል፣ ሲቪል መሐንዲስ
በበጋም ይታያል። ጎማ ስባችሁ የሳሎኑ ጣሪያ ላይ ውሃ ልቀቁ። አሸንዳው ወዴት እንደሚጥለው ተከተሉ። ቤቱ አጥር ላይ ስለተጠጋ ውሃው ጎረቤት ግቢ የሚወርድ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጎረቤቱን አነጋግሩ። ክረምት ላይ ግቢው ውሃ ይቋጥር እንደሆነም ከሱ በላይ የሚነግራችሁ የለም። ከግድግዳው ግርጌ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ እርጥበት ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል።

አያት አካባቢ ዋልካ አፈር ብዙ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አሮጌው ቤትና ቅጥያው መሠረታቸው እኩል ካልወረደ መገናኛቸው ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ ይወጣል። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ወይም በር አልዘጋ ካለ፣ መሐንዲስ ሳታሳዩ እንዳትፈርሙ። የሚያፈስ ታንከር አጠገብ ካለ ደግሞ ይብሳል።

አባል፣ ጠበቃ
ቀብዱን ለጊዜው አትክፈሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ከፍላችሁ ሰርቪሱ ያለ ፈቃድ መሆኑ ቢደረስበትና ብትተዉት ሻጩ «ገንዘባችሁን አጥታችኋል» ሊላችሁ ነው፤ ክርክሩ ረጅም ነው።

ጠያቂ
ባለቤቱ «ፈቃዱን እኔ አወጣላችኋለሁ» ቢለንስ?

አባል፣ ጠበቃ
ያውጣ፣ ችግር የለውም። ግን በቃል አይሁን። ፈቃዱን እስከ መቼ እንደሚያመጣ፣ ካላመጣ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ፣ ይፍረስ ከተባለ ወጪው በማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። ዋናውን ውል ፈቃዱን በእጃችሁ ሳትይዙ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አትፈርሙ። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም።