ቪለም ባረንትስ ሁለት ጊዜ በረዶ ከመለሰው በኋላ ለምን ወደ ሰሜን ዘለቀ?

ጥያቄ፦
ስለ ሆላንዳዊው መርከበኛ ስለ ቪለም ባረንትስ ሳነብ አንድ ነገር አልገባ አለኝ። በ1594 እና በ1595 እ.ኤ.አ. ወደ ቻይና የሚያደርስ ሰሜናዊ የባሕር መንገድ ፍለጋ ወጥቶ ሁለቱንም ጊዜ በረዶ መልሶታል። ታዲያ በ1596 ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ፣ ከበረዶው መራቅ ሲገባው፣ ከበፊቱ ይልቅ ወደ ሰሜን የዘለቀው ለምንድን ነው? ነገሩ ግትርነት ነው ወይስ እኔ ያላወቅሁት ምክንያት ነበረው?

መልስ 1፦
ግትርነት አልነበረም። ሆላንዶች በዚያን ጊዜ ከስፔን ጋር ጦርነት ላይ ስለነበሩና የደቡቡን የእስያ መንገድ ስፔንና ፖርቱጋል ስለያዙት፣ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆኖባቸው ነበር። የአምስተርዳሙ ሰባኪና ካርታ ሠሪ ፔትሩስ ፕላንሲየስ፣ በበጋ በዋልታው አካባቢ ፀሐይ ስለማትጠልቅ ባሕሩ ክፍት መሆን አለበት፤ በረዶ የሚበዛው ወንዞች ጨው የሌለው ውኃ በሚያፈሱበት የባሕር ዳርቻ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በ1595 የተላኩት ሰባት መርከቦች በሩሲያ ሰሜናዊ ዳርቻ ካለው ከቫይጋች ደሴት በስተ ደቡብ ያለው ወሽመጥ በበረዶ ተዘግቶ ሲጠብቃቸው፣ ይህ አሳብ የተረጋገጠ መሰለ። የባሕር ውኃም እንደሚረጋ፣ በዋልታው ያለችው ፀሐይ ደግሞ አዘቅዝቃ ስለምታበራ ሙቀቷ ደካማ እንደሆነ በሚገባ ያመዛዘነ አልነበረም። መንግሥት ግን ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ ገንዘብ ማውጣት አቁሞ፣ መንገዱን ላገኘ 25,000 ጊልደር ሽልማት እሰጣለሁ አለ፤ ለሦስተኛው ጉዞ ሁለት መርከቦች ያሰናዳችው አምስተርዳም ናት።

መልስ 2፦
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ቢሆንም፣ የጥያቄው መነሻ መታረም አለበት። በሦስተኛው ጉዞ ባረንትስ አቅጣጫ መሪ እንጂ የመርከቡ አዛዥ አልነበረም፤ አዛዡ ያኮብ ቫን ሄምስከርክ ነው። ወደ ሰሜን እንሂድ ብሎ የያዘውም የሁለተኛው መርከብ መሪ ያን ኮርኔሊስ ራይፕ ሲሆን፣ ባረንትስ «ወደ ምዕራብ በዝተን ሄደናል» እያለ ይከራከረው ነበር። ከኖርዌይ በስተ ሰሜን ያለውን የስፒትስበርገን ደሴት ያዩት በዚሁ ጉዞ፣ በሰኔ 1596 ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ተለያዩ፤ ባረንትስ ወደ ምሥራቅ አቅንቶ ከሩሲያ በስተ ሰሜን ያሉትን የኖቫያ ዘምልያ ደሴቶች ሰሜናዊ ጫፍ ዞረ፣ በነሐሴ መጨረሻም መርከቡ በበረዶ ተያዘ።

በዚያ የከረሙት ባሕር ከተፋው ግንድና ከመርከቡ ሳንቃ በሠሩት ቤት ነው። ከጉዞው ሁሉ እኔን የሚነካኝ የታኅሣሥ ሌሊት ነው። ከመርከቡ የድንጋይ ከሰል አምጥተው አነደዱና፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ በሩንም የጢስ መውጫውንም ደፈኑ። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ራሳቸውን አዞራቸው፤ በርትቶ ተነሥቶ በሩን የከፈተው ሰው በረዶው ላይ ተዘርሮ ወደቀ። ከሰል ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሰው፣ ሁሉም መትረፋቸው እንዴት ያለ ዕድል እንደሆነ ይገባዋል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ እርማቱን። ፀሐይዋን ከጊዜዋ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድመው በጥር 24 ቀን 1597 አየን ማለታቸው ግን የቀን ስህተት አይደለም?

መልስ 1፦
በጊዜው ብዙዎች ስህተት ነው ብለው ነበር። ነገር ግን ቀዝቃዛ አየር ከታች፣ ሞቃት አየር ከላይ ሲነባበር ብርሃኑ ከምድር ጥምዝ ጋር አብሮ ስለሚታጠፍ፣ ከአድማስ በታች ያለች ፀሐይ ልትታይ ትችላለች። ክስተቱ ዛሬ በኖቫያ ዘምልያ ስም ይጠራል። ቀኑን የመዘገበው የጉዞው ተሳታፊ ኸሪት ደ ፌር የዋዛ ጸሐፊ አይደለም።

መልስ 2፦
የባረንትስን የመጨረሻ ሰዓት የምናውቀውም ከእርሱ ነው። በሰኔ 1597 መርከቡን ትተው በሁለት ክፍት ጀልባዎች ወደ ደቡብ ሲመለሱ፣ ባረንትስ በጠና ታሞ ነበር። ሰኔ 20 ቀን ባረንትስ ደ ፌር የሳለውን የጉዞውን ካርታ እየተመለከተ ሁለቱ ጥቂት ተነጋገሩ፤ ከዚያም ካርታውን አስቀምጦ «ኸሪት፣ የምጠጣው ስጠኝ» አለው። ጠጥቶም ወዲያው ሞተ።