ለዘንዶ ቀለብ የገዛናት አይጥ የቤት እንስሳ ሆናብናለች፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልን። የ16 ዓመት ወንድ ልጄ በአባቱ ፈቃድ ቦል ፓይተን የሚባለውን አነስተኛ የዘንዶ ዝርያ ያሳድጋል። የዘንዶው ምግብ አይጥ ስለሆነ፣ ለእባብ ቀለብነት ከሚሸጡት አይጦች በየጊዜው አንዳንድ እየገዛን ከነሕይወታቸው እንሰጠው ነበር። ባለፈው ወር የመጣችውን አይጥ ግን ቆዳውን ሊገፍ ተቃርቦ ስለነበር ዞር ብሎም አላያት። እስኪርበው ድረስ ለብቻዋ በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ እንድትቆይ አደረግን፤ ነገሩ የተለወጠውም በዚህ ጊዜ ነው።

የ9 ዓመት ሴት ልጄ ካሮትና የተቀቀለ ሩዝ እየሰጠች ስትንከባከባት ሰነበተች። ጭንቅላቷ እስከ ትከሻዋ ጥቁር፣ ቀሪው ገላዋ ነጭ ስለሆነ «ቡሬ» የሚል ስም አወጣችላት። አሁን ክዳኑ ሲነሳ ሮጣ ትመጣለች፤ የልጄን ጣት በሁለት የፊት እግሮቿ ይዛ ትልሳለች፤ ከተሰጣት ምግብ የተረፈውን ወስዳ በጥጉ በኩል ከወረቀት ሥር ትደብቃለች። ዘንዶው ቆዳውን ገፎ ጨርሶ ምግብ መፈለግ ጀምሯል። ይሁን እንጂ ቡሬን አንስቶ ሊሰጠው የደፈረ ከቤታችን አልተገኘም።

አማቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሲሆን የስኳር ሕመምተኛም ናቸው። እርሳቸው አይጥን የሚያውቋት የጎተራ እህል ስትፈጅና ልብስ ስትበጣጥስ ነው፤ «በመጽሐፍ ርኩስ የተባለ፣ በሽታ የሚያመጣ ፍጥረት ከልጅ ጋር ይታቀፋል ወይ?» ብለው አዝነዋል፤ ኀዘናቸውንም አቅልዬ አላየውም። ወንዱ ልጄ ደግሞ «ይህችን አድነን ነገ ሌላዋን ብንሰጠው ምን ለወጥን?» ብሎ ጠይቆኛል። ለእርሱ የሚሆን መልስ አላገኘሁም። ስለ ጤናውም ሆነ ስለ ሕሊናው ጉዳይ የምታውቁ ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ከአትላንታ

እህቴ፣ በእንስሳት ክሊኒክ የሐኪም ረዳት ሆኜ ስለምሠራ የጤናውን በኩል ልመልስ። በመጀመሪያ ቡሬ ያረገዘች አለመሆኗን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ለቀለብ የሚሸጡ አይጦች ብዙ ጊዜ ወንድና ሴት ሳይለዩ በአንድ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሴቷም ገና በ5 ሳምንት ዕድሜዋ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናው ከ21 እስከ 23 ቀን ብቻ የሚወስድ በመሆኑ፣ ብቻዋን ሆና ከዚህ በላይ ከቆየች ስጋቱ አልፏል ማለት ነው። ካልሞላት ግን ማለፊያ መጠለያ ቀድማችሁ አዘጋጁላት፤ በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ልትወልድ ትችላለችና።

አይጦችን በብዛት የሚያሠቃየው የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው። ማይኮፕላዝማ የተባለው የአይጦች ባክቴሪያ በአብዛኞቹ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ወደ ሰው ተላልፎ አያሳምምም፣ እነርሱን ግን ቀስ በቀስ ሳንባቸውን ይጎዳቸዋል። ደጋግማ ካስነጠሰች ወይም ስትተነፍስ ድምፅ ከተሰማ ሐኪም ሊያያት ይገባል። በዓይኗና በአፍንጫዋ ዙሪያ ቀይ ነገር ብታዩ አትደንግጡ፤ ደም ሳይሆን ከዓይን ኋላ ካለ ዕጢ የሚመነጭ ቀለም ነው፣ ሲበዛ ግን የሕመም ወይም የጭንቀት ምልክት ይሆናል። የጥድና የዝግባ ፍቅፋቂ ሽታው ሳንባ ስለሚያስቆጣ በወረቀት የተሠራ ንጣፍ ተጠቀሙ። ከፕላስቲክ ሣጥኑም አውጧት፤ አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ከሽንቷ የሚወጣው አሞኒያ ሕመሙን ያባብሰዋል።

ወደ ሰው የሚተላለፉትን በተመለከተ አማትዎ የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአይጥ ንክሻ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በንክሻ ወይም በጭረት ይተላለፋል፤ ትኩሳት፣ የቆዳ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። በፔኒሲሊን ይታከማል፤ ሐኪሙ ግን በቤት ውስጥ አይጥ መኖሯን ካልሰማ ላያስበው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በዊስኮንሲን አይጥ በሚያረቡ ሰዎች ላይ ከታየ በኋላ ሴኡል የተባለው ቫይረስ በ11 ግዛቶች መገኘቱ ተረጋግጦ ነበር፤ አይጧን በደም ምርመራ ማጣራት ስለሚቻል ሐኪሙን ጠይቁት። ሆድ የሚያውከው ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያም አለ። ስለዚህ አማትዎ ባይነኳት፣ ከማእድ ቤት ርቃ ብትቀመጥ፣ ልጅዎም አይጧን በነካች ቁጥር እጇን በሳሙና ብትታጠብ ይበቃል። ፊቷ ላይ አስጠግታ መሳሟን ግን ከልክሏት።

መልስ 2፦ ከሚኒያፖሊስ

እኔ ከዘንዶው ወገን ሆኜ ልናገር፤ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ዝርያ አሳድጌአለሁ። ልጅዎ የጠየቀው ጥያቄ ትልቅ ሰው የሚጠይቀው ነው፤ መልሱም ዘንዶውን በማስራብ አይገኝም። ዘንዶ ሥጋ በል ሆኖ የተፈጠረ ነው፤ በሰው እጅ ሲያድግም አንድ እንስሳ ለምግቡ ይሞታል። ከእኛ የሚጠበቀው እንዴት እንደሚሞት መምረጥ ነው።

ከእንግዲህ በሕይወት ያለ አይጥ ለዘንዶው አትስጡ። በረዶ ሆነው የሚሸጡ አሉ፤ በአብዛኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀድመው እንዲሞቱ የተደረጉ ናቸው። በዘንዶ ታንቆ ከመሞት ይልቅ ለአይጧ የተሻለ ነው፤ ለዘንዶውም እንዲሁ። ያልራበው ዘንዶ አጠገብ የተተወ አይጥ ዘንዶውን እስከ አጥንቱ ሊበላው እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም፤ ጀርባው ተቦጫጭቆ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ዘንዶ በዓይኔ አይቻለሁ።

በረዶ የሆነውን አይጥ በማቀዝቀዣው የታችኛው ክፍል አድሮ እንዲቀልጥ አድርጉ፤ ከዚያ በላስቲክ እንደታሸገ በሙቅ ውኃ አሙቁት፣ በማይክሮዌቭ ግን በፍጹም። ዘንዶው ምርኮውን የሚለየው በማሽተትና በሙቀት ስለሆነ ቀዝቃዛ ከሆነበት አይነካውም። በረጅም መቆንጠጫ ይዞ በዝግታ ማወዛወዝ ይጠቅማል። ቦል ፓይተን በምግብ ግትር ነው፤ የለመደውን ሲቀይሩበት ለሳምንታት ሊያኮርፍ ይችላል። ጤነኛና ያልከሳ ከሆነ ሳይበላ ወራት መቆየት ስለሚችል ልጅዎ ፈርቶ ወደ ቀድሞው አይመለስ። በረዶ ሳልሞኔላን እንደማይገድልም አስታውሱ፤ ከምግባችሁ ጋር አብሮ አይቀመጥ፣ መቆንጠጫውም ለሌላ ሥራ አይዋል።

አንድ የማይዘነጋ ነገር አለ። ሁለቱን እንስሳት በአንድ ክፍል አታስቀምጡ፤ አይጧ የዘንዶውን ሽታ እየሰማች ዕረፍት አታገኝም። ቡሬን የነካ እጅ ሳይታጠብ ዘንዶውን ለማንሳት ከገባ ደግሞ ዘንዶው እጁን ምግብ መስሎት ይነድፋል።

መልስ 3፦ ከአዲስ አበባ

ስለ አማትዎ ኀዘን ጥቂት ልበል። አይጥ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ርኩሳን ከተባሉት መካከል መቆጠሯ እውነት ነው። ነገር ግን ምዕራፉን እስከ ቁጥር 31 ድረስ አብራችሁ ብታነቡት፣ ሰውን እስከ ማታ ያረክሳል የተባለው ከሞተ በኋላ በድኑን መንካት እንደሆነ ታያላችሁ። በሕይወት ላለ ፍጥረት መራራት አልተከለከለም። ይህን ስል እርሳቸውን በክርክር ለመርታት እንዳይሆን አደራ እላለሁ። በአይጥ ምክንያት የዓመት እህሉን ያጣ ገበሬ ልጅ ሆኖ ላደገ ሰው ጥላቻው ከልምድ የመጣ ነው፤ መጽሐፉ ባይኖርም አይጠፋም። ክፍላቸው እንዳትገባ ቃል ብትገቡላቸው ከማንኛውም ማስረጃ ይልቅ ደስ ይላቸዋል።

ከፈቀዱ ግን አንድ ነገር ንገሯቸው። እዚህ አዲስ አበባ አፖፖ የተባለው ድርጅት ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ፣ ከአክታ ናሙና ላይ የሳንባ ነቀርሳን በሽታ በማሽተት የሚለዩ አይጦችን አሠማርቷል። እነዚህ ከቡሬ የተለዩ፣ በጣም ትላልቅ የአፍሪካ አይጦች ናቸው፤ የሚሠለጥኑትም ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ውስጥ ነው። የዚሁ ድርጅት ሌላ አይጥ፣ ማጋዋ የተባለው፣ በካምቦዲያ ፈንጂ በማግኘት ሥራው እ.ኤ.አ. በ2020 ከአንድ የብሪታንያ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል፤ በሥራ ዘመኑ በሙሉ ያገኛቸው ፈንጂዎችና ያልፈነዱ መሣሪያዎች ከ100 በላይ ናቸው። እናቴም አይጥ ስታይ የምትጮህ ሴት ናት፤ ይህን ስነግራት ግን ዝም ብላ ሰማችኝ።

መልስ 4፦ ከቶሮንቶ

ከሁለተኛው መላሽ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ የልጁ ጥያቄ ግን በቀለቡ መለወጥ ያለቀ አይመስለኝም። ቡሬ የተረፈችው ከሌሎቹ የተለየች ስለሆነች አልነበረም፤ ዘንዶው በዚያ ሳምንት ስላልራበው ነው። ጣት መላሷ፣ ምግብ መደበቋ፣ ሰው ለይታ መሮጧ ከእርሷ በፊት በተሰጡትም ዘንድ ነበረ፤ ለማየት ጊዜ አልተገኘም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2011 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ አይጦች በጠባብ ቱቦ ውስጥ የተዘጋበትን ጓደኛቸውን በር ከፍተው አስወጥተውታል፤ ቸኮሌት በሌላ ሣጥን በቀረበላቸው ጊዜ እንኳ ጓደኛቸውን አውጥተው አብረው በልተዋል። ልጅዎ አሁን የሚያውቀውን ካወቀ በኋላ ዘንዶውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በአግባቡ ይመግበው፤ እርሱ ሲሞት ሌላ ሥጋ በል እንስሳ ማምጣት አለማምጣቱን ግን ራሱ ይወስን። ቦል ፓይተን በሰው እጅ ከ20 ዓመት በላይ ስለሚኖር ለማሰብ በቂ ጊዜ አለው።

ከዚሁ ጥናት ሌላም ነገር ይከተላል፤ አይጥ ብቻዋን እንድትኖር አልተፈጠረችም። የሰው ፍቅር ቢበዛላትም ሌሊት፣ እናንተ ስትተኙ፣ ንቁ የምትሆነው እርሷ ናት። ሴት ጓደኛ ልትመጣላት ይገባል፤ መጀመሪያ ግን ሁለት ሳምንት ያህል በተለየ ክፍል ተቀምጣ ከበሽታ ነፃ መሆኗ ይታይ። ይህ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ፣ አይጦችን ተቀብለው ለሚያሳድጉ በጎ አድራጊዎች መስጠት ለእርሷ ይሻላታል፤ ማሳፈርም የለበትም። ለሴት ልጅዎ ደግሞ ከወዲሁ ንገሯት፦ አይጥ ብዙ ጊዜ የምትኖረው 2 ወይም 3 ዓመት ነው፤ ሴቶቹን የጡት ዕጢ በብዛት ይይዛቸዋል፣ ቀዶ ሕክምናውም ከተገዛችበት ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን አውቃ ከወደደቻት ፍቅሯ የበለጠ ይጸናል።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአራቱንም መልስ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ተቀምጠን አንብበናል። ሃያ ሦስቱ ቀን ሞልቶ ስላለፈ እርግዝናው የለም። ባለቤቴ ፎቅ ያለው የሽቦ ቤት አምጥቶ፣ ወለሉ እግሯን እንዳይጎዳት ጨርቅ አንጥፎበት፣ በሴት ልጄ ክፍል አቁሟል፤ ዘንዶው ከምድር ቤት ስለሆነ ይራራቃሉ። ወንዱ ልጄ በረዶ የሆነውን አይጥ አንድ ጊዜ ሞክሮ ዘንዶው እምቢ ብሎታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አሙቆ እንደገና ይሞክራል። አማቴ ክፍላቸው እንደማትገባ ቃል ከገባንላቸው ወዲህ ረገብ ብለዋል፤ ስለ ማጋዋ ሲሰሙም «ለሰው የጠቀመ ይባረክ» ብለዋል። የሐኪም ቀጠሮ ይዘናል፤ የደም ምርመራው ውጤት ከታወቀ በኋላ ሁለተኛዋን አይጥ እናመጣለን። በሜሪላንድ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ አይጥ የሚያክም ሐኪም የምታውቁ ካላችሁ፣ የእኛው ክሊኒክ ውሻና ድመት ላይ ያተኮረ ስለሆነ፣ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።