የምድጃ አመድ በፍሳሽ ቱቦ ውስጥ እንደ ድንጋይ ደረቀብን፤ ምን እናድርግ?

ዳቦ ጋጋሪ (ጠያቂ)፦ እባካችሁ፣ አስቸኳይ ነው። ሠራተኞቻችን የምድጃውን አመድ ለወራት ከእጥበት ውኃ ጋር ወደ ፍሳሽ ቱቦው ሲደፉ ቆይተው ዛሬ ንጋት ላይ ቱቦው ፈጽሞ ስለተዘጋ፣ ቆሻሻው ውኃ ወደ ማቡኪያው ክፍል እየተመለሰ ነው። በብረት ዘንግ ስንወጋው እንደ ድንጋይ ይጮኻል። በረኪና ብናፈስበትም ለውጥ የለም።

ግንበኛ፦ አመድ ብቻውን እንዲህ አይጠነክርም፤ ቤቱ ሲሠራ የተረፈ ሲሚንቶ ገብቶ እንደሆነ አጣሩ። በልጅነቴ የማሽላ አገዳ አመድ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው ጭቃ ከመሆን በቀር ሲደነድን አላየሁም።

የጋራዥ ሠራተኛ፦ የባትሪ አሲድ አፍስሱበት፤ ይበላዋል።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ግንበኛው ያዩት ለአገዳ አመድ ትክክል ነው፤ በእርሱ ውስጥ የሚበዛው ሲሊካና ፖታሽ ነውና። የምታነዱት ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን እንጨቱ፣ በተለይም ልጡ፣ ብዙ ካልሲየም አለው፤ የምድጃው ሙቀት ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲያልፍ ከዚህ ካልሲየም ኖራ ይወጣል። ኖራው ውኃ ከጠጣ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል።

የባትሪውን አሲድ ግን እለምናችኋለሁ፣ አትንኩት። ሰልፈሪክ አሲድ ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ በውኃ እምብዛም የማይሟሟ ጀሶ ስለሚሠራ ቱቦውን ይብስ ይደፍነዋል፤ በረኪና በፈሰሰበት ቱቦ ደግሞ ማናቸውም አሲድ ቢገባ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ሌላ አባል፦ እኔም የባትሪ አሲድ እላለሁ፤ የቤታችንን መጸዳጃ ከፍቶልናል።

የኬሚስትሪ መምህር፦ የእርስዎን የዘጋው ቆሻሻ እንጂ ኖራ ላይሆን ይችላል። በረኪና ያለበትን ቱቦ በተመለከተ ግን ክርክር የለኝም፤ ሰው ይሞታል።

ቧንቧ ሠራተኛ፦ በመጀመሪያ ውኃ መልቀቅ አቁሙ። የማንሆሉን ክዳን ከፍታችሁ ዘንጉን ከዚያ ወደ ላይ ስደዱና የት እንደሚቆም ለኩ፤ ከላይ በኩል ከለካችሁት ጋር ስታገናዝቡት የተዘጋው ክፍል ይታወቃል። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ያንን ክፍል ቆፍሮ በመጋዝ ቆርጦ መቀየር ከየትኛውም ኬሚካል ይሻላል። የአመድ ውኃ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ሠራተኞቹ ጓንትና መነጽር ያድርጉ። አመዱንም ከእንግዲህ ክዳን ባለው የብረት በርሜል በደረቁ አቀዝቅዛችሁ አውጡት። ለመሆኑ ቱቦው ፕላስቲክ ነው ወይስ የሲሚንቶ? ማንሆሉስ ስንት ሜትር ይርቃል?