ጓሮዬን ስቆፍር የወጣው ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ገል ምንድን ነው?

ጎመን ተካይ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ነው። ቅዳሜ ዕለት ለጎመን ብዬ ስቆፍር ሁለት ገል ወጣልኝ። አንደኛው ነጭ የሳህን ጠርዝ ሲሆን ዳሩ ሞገድ ሞገድ ይላል፤ ሰማያዊ ተቀብቶ ጥፍሬን ሳስኬድበት ይሻክረኛል። ሁለተኛው ወፍራምና ግራጫ ነው፤ ላዩ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፣ የሰማያዊ ቅጠል ቅሪት አለበት። ባለቤቴ «የሰው ቆሻሻ ነው፣ ጣለው» ብላኛለች።

ገል አጣቢዋ
ወንድሜ፣ ባለቤትህ ልክ ናት፤ የሰው ቆሻሻ ነው። የሚጠናውም እሱ ነው። እኔ በበጎ ፈቃድ ሁለት ዓመት ገል ሳጥብ ኖሬአለሁ፤ እጄ እስኪሸበሸብ።

ነጩ የእንግሊዝ የስታፎርድሸር ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ ፐርልዌር ይሉታል። ሸክላ ሠሪዎቹ የቻይናን ዕቃ ለማስመሰል በልባጡ (ሸክላውን በሚያንጸባርቀው ሽፋን) ላይ ጥቂት ኮባልት፣ ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ማዕድን፣ ይጨምሩ ነበር፤ ነጭ ልብስ የሚያጥብ ሰው ቢጫነቱን ለመደበቅ ሰማያዊ ጠብ እንደሚያደርገው ማለት ነው። አሁን ጠርዙን ደህና አድርገህ ተመልከት። ሞገዱ ወጣ ገባ ከሆነ ከ1810 በፊት ያለ ነው (ዓመቱን ሁሉ የምነግርህ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፤ እኩል እኩል ከሆነ ከ1800 እስከ 1830ዎቹ ይሆናል። ሞገድ አልባ ሆኖ ጭረት ብቻ ያለው ከ1840 ወዲህ የመጣ ነው።

እኔን የሚያጓጓኝ ግን ግራጫው ነው። ምድጃው ሲግል ጨው ይጣልበታል፤ የጨው እንፋሎት በሸክላው ላይ ሲያርፍ ያ ልጣጭ መሳይ ቆዳ ይወጣል። በከተማችሁ በዊልክስ መንገድ ከ1813 እስከ 1876 እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሠራ ቤት ነበረ። በባርነት ኖሮ በ1820 ነፃነቱን የገዛው ዴቪድ ጃርቦር በ1830 አንድ ትልቅ ማሰሮ ሠርቶ ስሙን ቀርጾበታል። (በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ይናቃል እንጂ ስሙን ማን ያስጽፈዋል?) የአንተ ገል የእሱ ነው እያልኩህ አይደለም፤ የሰፈሩ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ነጋዴው
ስንት ያወጣል?

ገል አጣቢዋ
ምንም አያወጣም። ሰማያዊ ጠርዝ በዘመኑ ከጌጥ ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነበር፤ ስለዚህ በየማዕድ ቤቱ ይገኝ ነበር። ዋጋው የተገኘበት ቦታ ነው። ጎመን ተካይ፣ ከእንግዲህ አትቆፍር፤ ጥልቀቱን ለካ፣ ፎቶ አንሣ፣ ቶርፒዶ ፋክተሪ በሚባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ ላለው የከተማው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም አሳይ።

ጎመን ተካይ
አመሰግናለሁ እህቴ። ሞገዱ እኩል ነው፤ ጥልቀቱ አንድ ክንድ ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። ባለቤቴ ዛሬ ሁለቱንም አጥባ በሰፌድ ላይ አስጥታቸዋለች፤ እኔ ልነካቸው ስል እጄን መታችኝ። ጎመኑ ገና በከረጢት ነው።