የ1960ዎቹን የሶል ድምፅ ከቤዝ ጊታር እንዴት ላውጣ?

ድም_ፈላጊ
ሰላም ለቤቱ። ያለኝ ባለ አራት ክር፣ የፕሪሲዥን (የፌንደር ኩባንያ ሞዴል) ዓይነት ቤዝ ነው። ክሩ ከፋብሪካ የመጣው ራውንድዋውንድ (ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት)፣ ውፍረቱ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ 45–105 (በሺኛ ኢንች)። የምፈልገው በእነሱ አቆጣጠር የ1960ዎቹን የሞታውንና የስታክስ (የአሜሪካ የሶል ሙዚቃ አሳታሚዎች) ድምፅ ነው፤ ድም ብሎ ቶሎ የሚበርደውን፣ ወፍራም ሆኖ ኖታው ግን የሚለየውን። ቶኑን (የቀጭን ድምፅ መቆጣጠሪያውን) ስዘጋው ጭቃ ይሆንብኛል፣ ስከፍተው የጣት መንሸራተቱ ሁሉ ይንጫጫል። አምፕ የለኝም፣ በኢንተርፌስ (የድምፅ ማስገቢያ ሳጥን) በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ነው የምቀዳው። ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት የሚቀበለውን ማግኔት) ልቀይር ወይስ የሚቀድም ነገር አለ?

ሰባተኛ_ፍሬት
ፒክአፑን ተወው፣ ገንዘብህን ክር ላይ አውለው። ፍላትዋውንድ ግዛ፤ ውጪው የተጠመጠመው ክብ ሽቦ ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው። ጫጫታው የሚጠፋውም፣ ከላይ ያለው ብረታማ ድምፅ የሚቀንሰውም እዚያ ነው። በዲትሮይት የሞታውን ቤዚስት ጄምስ ጃመርሰን በ1962 በተሠራው ፕሪሲዥኑ ላይ የላ ቤላ ፍላትዋውንድ ነበር የሚጠቀመው፣ 52–110፣ ካልተበጠሰም አይቀይረውም ነበር። አንተ ግን ከ52–110 አትጀምር። ውጥረቱ ከባድ ነው፣ አንገቱን ይጎትታል፣ ወፍራሙ ኢ ክርም በነቱ (ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበት ቁራጭ) ቦይ ውስጥ አይገባም። 45–105 ይበቃሃል። ጣትህ ለስላሳ ክር ከወደደ ቶማስቲክ 43–100 አለ፤ ውጥረቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ዋጋው ግን አይደለም።

ሲገጠም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፦ ክሩን ከመቁረጥህ በፊት 90 ዲግሪ እጠፈውና ከእጥፋቱ ወዲያ ቁረጥ። ሳይታጠፍ ከተቆረጠ ጥምጥሙ በውስጠኛው ሽቦ ላይ ይላላና ክሩ ገና በአዲስነቱ ይሞታል። ቤዝህ ክሩን በጀርባ በኩልም በብሪጁም (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበት ብረት) ማሳለፍ የሚችል ከሆነ በብሪጁ አሳልፈው። ወፍራም ፍላትዋውንድ በሹል ጥግ ላይ መታጠፍ አይወድም።

ከዚያ ቃኝተህ አንድ ቀን አሳድረውና አንገቱን ለካ። ኢ ክርን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ተጭነህ ያዝ፤ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ዘንግ) ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቅ፣ እንደገና ቃኝ፣ እንደገና ለካ። ከሩብ ዙር በላይ በአንዴ አትሂድ። ክሩ ነቱ ላይ እየያዘ ሲቃኝ «ጭክ» የሚል ከሆነ ቦዩ ጠቦታል፤ በቀጭን ሞረድ ወደ ጎን አስፋው እንጂ ወደ ታች አታጥልቀው። ከጠለቀ ባዶው ክር መንዘር ይጀምራል፣ መድኃኒቱም ነት መቀየር ነው።

ሳንባ_ስፖንጅ
ክሩ ግማሹ ነው፤ ቶሎ የሚበርደው በስፖንጅ ነው። በዚያን ጊዜ ፌንደር ከብሪጁ በላይ ባለው የብረት ክዳን ውስጥ ስፖንጅ ለጥፎ ይሸጥ ነበር፣ ክሩን ከላይ ይጫነዋል። ክዳን ከሌለህ ከሥር አስገባ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሰድ፣ ሻካራውን አረንጓዴ ክፍል ቆርጠህ ጣል፣ ለስላሳውን 7 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ወርድ አድርገህ ከሳድሎቹ (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባቸው ብረቶች) ፊት ተጠግቶ በክሮቹ ሥር ሰካው። ክሩን መንካት እንጂ ወደ ላይ መግፋት የለበትም። ከሳድሉ ርቆ ወደ ፒክአፑ ከተጠጋ ኖታው ይታፈናል፣ ቅኝቱም የተዛባ ይመስላል። ጠንካራ የፍራሽ ስፖንጅ ደግሞ ድምፁን እንጨት ያደርገዋል።

ቀኝ እጅም አለ። ጃመርሰን የሚመታው በአመልካች ጣቱ ብቻ ነበር። አንድ ጣት ስትጠቀም እያንዳንዱ ምት እኩል ይወጣል። ቦታው ፒክአፑ ላይ ወይም ትንሽ ወደ አንገቱ ጠጋ ያለ ነው፤ ብሪጁ ጋ ከሄድህ የዚያ ዘመን ድምፅ አይደለም።

ድም_ፈላጊ
አመሰግናለሁ፣ ስፖንጁን ዛሬውኑ ሞከርሁት፣ ልዩነቱ ይሰማል። ፍላትዋውንዱ እስኪመጣ ቶኑን ስንት ላይ ላድርገው? ቀረጻውስ?

ሰባተኛ_ፍሬት
በራውንድዋውንድ ከሆነ ሩብ ያህል ብቻ ክፈት። ፍላትዋውንዱ ሲመጣ ግን ሙሉ በሙሉ ክፈተውና ከዚያ ተነስ። ጃመርሰንም ሁለቱንም ኖብ ከፍቶ ነበር የሚጫወተው ይባላል፣ በእነዚያ ክሮች ላይ ምክንያታዊ ነው፤ የሚዘጋ ብዙ ነገር የለምና።

ሁለት_ትራክ
ቀረጻውን ልመልስ። አምፕ የለኝም ብለህ አትዘን፤ ሞታውን ውስጥም ቤዙ በዲአይ (ቤዝን ያለ አምፕ የሚያገናኝ ሳጥን) በቀጥታ ወደ ኮንሶሉ (የስቱዲዮው መቀላቀያ) ይገባ ነበር። በሜምፊሱ ስታክስ ግን የቤዚስቱ የዶናልድ «ዳክ» ደን ቤዝ በአምፔግ ቢ-15 ነበር የሚሰማው፤ አነስተኛ ባለ ቱቦ አምፕ ነው፣ አንድ 15 ኢንች ስፒከር ያለው። ስለዚህ ሁለቱን አታምታታ፦ የሞታውኑ ንጹሕና የተጨመቀ፣ የስታክሱ ክብ፣ ጠርዙ ለስላሳ።

ኢንተርፌሱ ላይ ግብዓቱን «ኢንስትሩመንት» ወይም ሃይ-ዚ አድርገው። «ላይን» ላይ ከተውከው ፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) ቤዝ ይደክማል፣ ያንንም ሰዎች «ቪንቴጅ» ይሉታል። ከፍተኛው ምት -10 ዲቢ አካባቢ ይድረስ። ቀጥሎ ኢኪው (የድምፅ ከፍታዎች ማስተካከያ)፦ ከ40 ኸርዝ በታች ቁረጥ፣ ከ4 ሺህ በላይ ቀስ አድርገህ ዝጋ፣ 700–800 አካባቢ 2 ዲቢ ጨምር። በስልክ ስፒከር ኖታው የሚሰማው በዚህኛው ነው። ኮምፕሬሰር (ጠንካራውን ምት የሚጨምቅ) 4 ለ 1፣ አታክ (መጨመቅ ለመጀመር የሚወስደው ጊዜ) 30 ሚሊ ሰከንድ፣ ሪሊዝ (ለመልቀቅ የሚወስደው) 120፣ መርፌው ከ3 እስከ 5 ዲቢ ቢወርድ ይበቃል። አታኩን በጣም ካሳጠርኸው የጣቱ «ድም» ራሱ ይጠፋል። የስታክሱን ከፈለግህ ከኮምፕሬሰሩ በፊት የቱቦ አምፕ ፕለግኢን አስገባ፣ መሻከር ሊጀምር ሲል መልስ።

ብቻውን አድርገህ አትፍረድ። ይህ ድምፅ ብቻውን ሲሰማ አሰልቺ ነው፤ ከድራም ጋር ነው የሚመዘነው። ከእግር ከበሮው ጋር ከተጋጨ ከበሮውን 60 ኸርዝ ላይ፣ ቤዙን 100 ላይ አስቀምጥ።

ሳንባ_ስፖንጅ
አንድ ጭማሪ። በዚህ ድምፅ የኛን የድሮ ባንዶች ዘፈን ልትጫወት ካሰብህ ስፖንጁን ለጭክችካ እንደተሰካ ተወው፣ በስድስት ስምንተኛው ላይ ምቶቹን ይለያቸዋል። ለትዝታ ግን አውጣው፤ ረጅሙ ኖታ ሳይሞላ ይሞታል። ለዚህ ነው ስፖንጁን በማጣበቂያ አትለጥፈው የምለው።