የሮለር ሜዳችን ተሰነጣጥቋል፤ ማን ጋር ሄደን ነው የምናስጠግነው? (ደሴ)

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም የደሴ ልጆች። የቢሮ ጉዳይ ጀምራችሁ ዳር ያደረሳችሁ ሰዎች ካላችሁ ምክር እፈልጋለሁ።

ሰፈራችን መናፈሻ ውስጥ ያለው የሮለር (የባለ ጎማ ጫማ) ሜዳ ከተበላሸ ቆየ። መሃሉን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠው ስንጥቅ አሁን ጣት ያስገባል። በታችኛው ጥግ ላዩ ተልጦ ጠጠሩ አፍጥጧል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር እዚያው ጥግ ውሃ ይተኛል፣ ሲደርቅ ደግሞ ደለሉ ይቀራል። የሮለር ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ጎማው ቀጥ ይላል፣ ልጁ ግን ወደፊት ይወነጨፋል። በቅርቡ አንዲት ልጅ እንደዚህ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሮ እስካሁን ጀሶ ላይ ናት።

ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ወንዶች ሜዳውን ትተው አስፋልት ወጥተዋል። የደሴን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። በባጃጅና በአይሱዙ መሃል እየተሽሎከሎኩ ሲወርዱ ሳይ ነፍስ አይቀርልኝም።

ማመልከቻ ይዘን አንድ ቢሮ ሄድን፣ "ይሄ እኛን አይመለከትም" ተባልን። የመሩን ቢሮ ስንደርስ ደግሞ "በጀት የለም" አሉን። ሁሉም በቃል ነው፣ አንድም ወረቀት የሰጠን የለም። አሁን ልጆቹ "ብር አዋጥተን ሲሚንቶ እንግዛና ራሳችን እንድፈነው" እያሉ ነው። እኔ ፊርማ ብናሰባስብ ይሻላል ባይ ነኝ። የቱ ነው የሚያዋጣው?

ነባር ሠራተኛ፦

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ቢሮ ስሠራ ኖሬ አሁን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በቃል የተባለን ነገር እንዳልተባለ ቁጠረው። ማመልከቻውን ለኃላፊ በእጅ ሰጥታችሁ አትውጡ። መዝገብ ቤት አስገቡት፣ ቀንና ቁጥር ይሰጠው፣ ማህተም ያረፈበት ኮፒ እጃችሁ ይቅር። ግልባጩን ለከተማው ምክር ቤትና ለቀበሌያችሁ አድርጉ። ከዚያ በኋላ በሄዳችሁ ቁጥር የምትጠይቁት "የዚህ ቁጥር ደብዳቤ መልስ የት ደረሰ?" ብላችሁ ነው። ያን ጊዜ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢመራችሁ እንኳ በደብዳቤ ነው የሚመራችሁ።

"በጀት የለም" ሲሏችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ "በዘንድሮ ዕቅድ አልተያዘም" ማለታቸው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚሰናዳው ከዚያ በፊት ስለሆነ ሰኔ ላይ ሄዶ መጮህ ዋጋ የለውም። በጋው ሳያልቅ ግቡ።

ዋናው ምክሬ ግን ይሄ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ "ሜዳው ይጠገንልን" አይበል። "ባለሙያ መጥቶ አይቶ የጉዳቱን መጠንና የዋጋ ግምት በጽሑፍ ያቅርብልን" ይበል። ይሄ ትንሽ ጥያቄ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ እምቢ ለማለትም ያስቸግራል። ግምቱ ከወጣ በኋላ ዕቅድ ውስጥ የሚገባ ቁጥር አለ ማለት ነው። ቁጥር የሌለውን ጉዳይ በጀት ክፍል ምን አድርጎ ይይዘዋል?

ፊርማውም ይሰብሰብ። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተጻፈ መብት ነው፣ ማንም ሊያስፈራችሁ አይገባም። ስም፣ ቀበሌና ፊርማ ብቻ ይበቃል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ።

ግንበኛው፦

ወንድሜ አደራህን፣ ዝም ብላችሁ ሲሚንቶ እንዳትለቀልቁት! በአሮጌ ኮንክሪት ላይ የተለቀለቀ ስስ ሲሚንቶ አንድ ክረምት አይከርምም፣ ይላጣል። ገንዘባችሁም ስማችሁም አብሮ ነው የሚሄደው፤ ቢሮው ደግሞ "ተጠግኖ ነበር፣ እናንተው አበላሻችሁት" ይላችኋል።

እንደገለጽከው ከሆነ የሜዳው በሽታ ውሃ ነው። አንድ ጥግ ውሃ የሚተኛ ከሆነ ወይ ሲሠራ ዘንበል አልተደረገም፣ ወይ ከሥር አፈሩ ሰርጎ ያ ጥግ ወርዷል። ለውሃ መውጫ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል፤ ለሮለር የሚታወቅ ቁልቁለት አይደለም። ከላይ ካለው ዳገት የሚመጣው ውሃ ደግሞ ሜዳው ላይ ሳይደርስ በቦይ መጠለፍ አለበት። ደሴ ላይ የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ለማንም አልነግርም። ቦይ ሳይቀድሙ ስንጥቅ መድፈን የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ቆሞ ወለል እንደመወልወል ነው።

ባለሙያ ሲመጣ ይሄን አሳዩት። መዶሻ ያዙና ወለሉን በየቦታው መታ መታ አድርጉ። ደህናው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ከሥሩ የለቀቀው ባዶ ድምፅ ያሰማል። ባዶ የሚለውን ሁሉ በጠመኔ ክበቡት። የተከበበው ተነቅሎ እንደ አዲስ ካልተሞላ ጥገና አይባልም። ስንጥቁም ቢሆን በመሮ ሰፋ ተደርጎ፣ አቧራው በብሩሽና በውሃ ወጥቶ ነው የሚሞላው። ትልቁን ሜዳ አንድ ወጥ አድርገው ከሞሉት ተመልሶ ይሰነጠቃል፤ በየመሃሉ መቁረጫ መስመር ይደረግለት።

ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ ለብሶ ውሃ ይጠጣ። ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ወደ 28 ቀን ገደማ ስለሆነ እስከዚያ ልጆቹ ይታገሱ። ሊሾም አይሁን፣ በጉም ጠዋት እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል። ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው። የካቲት ከገባ የበልጉ ዝናብ ሊቀድማችሁ ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሸዋ በር፦

እኔ የምጨምረው አለኝ። ደብዳቤው ላይ ስለ ስፖርት ብቻ አትጻፉ። ሜዳው ሲበላሽ ወንዶቹ አስፋልት ወጡ አልክ። ሴቶቹስ የት ሄዱ? የኔዋ ቤት ገብታለች። ጓደኞቿም እንደዛው። መኪና መሃል ሂጂ ብዬ አልልካት፣ የአጥሩ ውስጥ ሜዳ ነበር ለሷ የሚሆናት። ሮለሯ አልጋ ሥር አቧራ ጠጥቷል፣ እግሯም ሳያድግበት አይቀርም። ይሄን ጻፉልን፣ እኛ እናቶች እንፈርማለን።

ፊርማውን ደግሞ በወጣቶቹ ብቻ አትያዙት። የቅሬ (የሰፈር ዕድር) ስብሰባ ላይ አንሱት። ቅሬ ላይ የተነገረ ነገር ቤት ለቤት ይደርሳል፣ ሽማግሌዎቹ ከያዙት ደግሞ ቢሮው "የልጆች ጨዋታ ነው" ብሎ አይመልሳችሁም። በእኛ ሰፈር የውሃ መስመር ጉዳይ እንደዚህ ነው መልክ የያዘው። የተሰበረችውን ልጅ ቤተሰብ ጠይቁና ፈቃደኛ ከሆኑ አብረው ይምጡ፤ ካልፈለጉ ግን ስሟንም ፎቶዋንም አታውጡ፣ እባካችሁ።

ከኮምቦልቻ፦

እዚህ ታች ኮምቦልቻም ሮለር የሚነዱ ልጆች አሉ፣ ሜዳ የለንም እንጂ፤ ቅዳሜና እሁድ እናንተ ጋር ነበር የምንወጣው። እኛም እንፈርማለን። በእርግጥ የከተማው ነዋሪ አይደለንም፣ ግን ሜዳው ከሌላ ከተማ ሰው እንደሚስብ ያሳያል።

እትዬ ያሉት ልክ ነው፣ ስፖርቱን ግን ጨርሳችሁ አትተዉት። ስኬትቦርድ በቶክዮ ኦሎምፒክ ገብቷል፣ የሮለር ፍጥነት ውድድር ደግሞ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ቦነስ አይረስ በተደረገው የወጣቶች ኦሎምፒክ ላይ ነበር። ለስፖርት ክፍሉ በሚሄደው ግልባጭ ላይ አንድ መስመር ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላፍቶ ያለው የስኬት ፓርክም በ2008 ዓ.ም. ሲሠራ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የተረባረቡበት። ስለዚህ የጉልበት ደቦውን ከቢሮው ፈቃድ ጋር ብታቀርቡት አይከፋም፤ እናንተ ጉልበት፣ እነሱ ባለሙያና ዕቃ።

እስከዚያው የሚነዱ ልጆች ጎማቸውን ይዩት። የጥንካሬ ቁጥሩ 78ኤ ወይም 80ኤ የሚል ከሆነ ለስላሳ ነው፣ ሻካራ መሬት ላይ ይሻላል። ኩሽኔታውንም ከውሃና ከደለል ይጠብቁት፣ አንዴ ከዛገ አይመለስም። የአንጓ መከላከያ ያለው ሰው ደግሞ ለሌለው ያውሰው።

ነባር ሠራተኛ፦

በደቦው እስማማለሁ፣ ግን በጽሑፍ ፈቃድ ብቻ። የሕዝብ ንብረት ላይ በራሳችሁ ሲሚንቶ ደፍናችሁ ነገ ልጅ ቢወድቅ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?

የጦሳ ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬም እናመሰግናለን። ግንበኛው፣ አንተማ ዋጋህ ብዙ ነው።

እንግዲህ ማዋጣቱ ለጊዜው ቀርቷል፣ ልጆቹንም አሳምኛቸዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መዶሻ፣ ጠመኔና ሜትር ይዘን ሜዳውን እንዞራለን። ስንጥቁን ሜትር አጠገቡ አድርገን ፎቶ እናነሳዋለን። ውሃ የሚተኛበትን ጥግ ደግሞ ዝናብ የጣለ ዕለት ነው የምናነሳው። ደብዳቤው "ባለሙያ ይላክልን" በሚለው ይጀምራል፣ ስለ ሴቶቹም ይጻፍበታል። ቅሬ ላይ የሚያነሳልን ሰው አግኝቻለሁ።

የሚቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ባለሙያው መጥቶ "ሙሉ በሙሉ መፍረስ አለበት" ቢልስ? ግምቱ ከፍ ብሎ ዕቅዱ እንዳይወድቅ ቦዩንና የታችኛውን ጥግ ለብቻ በመጀመሪያ ዙር መጠየቅ ይቻላል? ግንበኛው፣ ቅዳሜ ብትመጣ ቡናው በኔ ነው።

ግንበኛው፦

ይቻላል። ቦዩ ከተሠራ የቀረው አንድ ዓመት ቢጠብቅ አይብስበትም። ሁለት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፣ የውሃ ልክም ይዤ እመጣለሁ።