የመለኪያ ማይክ ግዢ፦ ረቂቁ ላይ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊው፦
ረቂቁ ይኸው። ዓርብ ለኮሚቴ ይገባል፤ ያላችሁን ከዚያ በፊት ጣሉ።
የኦዲዮ ማኅበራችን አንድ ዩሚክ-1 ይግዛ፤ ክፍሉ የስፒከሩን ድምፅ እንዴት እንደሚለውጠው የሚለካ ማይክ ነው። በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካው ማለቴ ነው። ተራ በተራ ቤት ለቤት ይዙር። አባል ሁሉ ሳሎኑን «ሩም ኢኪው ዊዛርድ» በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ይለካ፤ ፕሮግራሙ ነጻ ነው። ዊንዶውስ ያለው የድምፅ ማስተካከያውን «ኢኳላይዘር ኤፒኦ» በሚባል ፕሮግራም ይጫን፤ እሱም ነጻ ነው። መዋጮው በነፍስ ወከፍ 800 ብር። ማይኩን አሜሪካ ያለው አባላችን፣ የቨርጂኒያው፣ በሻንጣው ይዞት ይመጣል።
የአምፑን ታሪክ ማንም እንዳያነሳብኝ።

ቤዝ ይጨመር፦
ስልካችን ማይክ የለውም እንዴ? አፑ ሞልቷል። 800 ብር ለምን?

ሞገድ፦
የስልክ ማይክ የተሠራው ለወሬ ነው። ብዙዎቹ ታችኛውን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ይቆርጡታል፤ ጩኸት ሲበዛም ራሳቸው ይቀንሱታል። አንተ ደግሞ ጠብህ ከታችኛው ድምፅ ጋር ነው።
ዩሚክ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩን የፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ ስታስገባ የዚያኑ ማይክ ስህተት የሚያርም የካሊብሬሽን ፋይል ይሰጥሃል። ሁለት ፋይል ነው። ማይኩን ወደ ስፒከሩ ካዞርከው የዜሮ ዲግሪውን፣ ወደ ኮርኒሱ ካቀናኸው የ90 ዲግሪውን ትጠቀማለህ። የምንከፍለው ለዚህ ነው።

ቤዝ ይጨመር፦
እሺ፣ ተረታሁ። ዶላሩ ግን ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ይህን ለማለት ብቻ ነው።

ጋሽ ካሴት፦
ልጆች፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ማይኩ የተስተካከለው ቆላ ላይ ከሆነ እዚህ አይዋሽም?

ሞገድ፦
አይዋሽም ጋሼ። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት እንጂ በከፍታ አይደለም። ለሳሎን ሥራ አያሳስብም።

የሰርግ ሳውንድ፦
ማቆሚያውስ? ረቂቁ ላይ ማይክ አለ፣ ማቆሚያ የለም። ያለ ማቆሚያ ሳንቲም አልከፍልም።

ጸሐፊው፦
ከማይኩ ጋር ትንሽ ባለ ሦስት እግር ይመጣል።

የሰርግ ሳውንድ፦
እሷ የጠረጴዛ ናት። ሶፋ ላይ አስቀምጠሃት ስትወድቅ ማን ሊከፍል ነው?

ቤዝ ይጨመር፦
በእጅ ይያዝ። ምን ያካብዳል?

ሞገድ፦
በእጅ አይያዝም። የሰውነትህ ነጸብራቅ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ እጅህም ይንቀጠቀጣል። ጆሮህ የሚሆንበት ቦታ ላይ፣ በጆሮህ ቁመት፣ ብቻውን መቆም አለበት። ረጅም ክንድ ያለው ማቆሚያ ከሶፋው ጀርባ ይቆምና ክንዱ ወደ ፊት ይዘረጋል። በዚህ ሰርግ ሳውንድ ልክ ነው።

የሰርግ ሳውንድ፦
አመሰግናለሁ። ለአንድ ጊዜ እንኳን።

እትዬ ቪኒል፦
የካሜራ ትራይፖድ አለኝ፤ ውሰዱት።

የሰርግ ሳውንድ፦
የካሜራ ትራይፖድ የብሎን ጥርስ ሩብ ኢንች ነው። የማይክ ማቆሚያ የአሜሪካው 5/8፣ የአውሮፓው 3/8 ነው። አይገጥምም እትዬ።

እትዬ ቪኒል፦
አስማሚ አይሸጥም?

የሰርግ ሳውንድ፦
ይሸጣል። ግን የካሜራ ትራይፖድ ላይ የቆመ ማይክ ስታዩ ታፍራላችሁ።

ቤዝ ይጨመር፦
ማን ያየናል? ሳሎናችን ውስጥ ነን። ሳውንድህን የምታከራየው አንተ፤ ማቆሚያ የሌለህ አንተ።

የሰርግ ሳውንድ፦
የኔ ማቆሚያ የሥራ ዕቃ ነው። ባለፈው አዋስኩ፣ ክንዱ ተሰብሮ መጣ። ማን እንደሰበረው ደግሞ እዚህ ያለ ሰው ያውቃል።

ቤዝ ይጨመር፦
ስም ጥራ።

የሰርግ ሳውንድ፦
አልጠራም። እሱ ራሱ ያውቃል።

ቤዝ ይጨመር፦
ሲመጣም ክንዱ የላላ ነበር። ከመጀመሪያው ብሎኑ የለም!

ጋሽ ካሴት፦
በቃ። በቃ በሉ። ሁለታችሁም ሽማግሌ ታስጠራላችሁ። ለአንድ ብሎን ነው?

ጸሐፊው፦
ወደ ረቂቁ እንመለስ እባካችሁ።

ቦሌ ቡልቡላ፦
ምናለሽ ተራ የብሎን ጥርስ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ቅዳሜ ሄጄ ዋጋ ጠይቄ አመጣለሁ።

ጸሐፊው፦
እናመሰግናለን ቡልቡላ።

ሞገድ፦
እስከዚያ ለምን እንደምንለካ ልናገር፣ ማቆሚያው ዋጠን። የጓደኛዬን ሳሎን እሑድ ለካነው፤ ማይኩ ከሥራ ቦታው የተዋሰው ነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራት ሜትር ርዝመት። የድምፅን ፍጥነት፣ በሰከንድ 343 ሜትር፣ ለርዝመቱ እጥፍ ለስምንት ስታካፍሉ 43 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል፤ ክፍሉ አብሮ የሚነዝርበት ድምፅ ነው። ግራፉ ላይ እዚያው ላይ ተራራ ቆሟል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ያንን ክር በነካ ቁጥር ክፍሉ አብሮ ያጓራል። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ሁሉ ይጨዋወታሉ። ሚስቱ ለሁለት ዓመት ስፒከሩ ነው የተበላሸው ስትል ነበር።
ከ70 ኸርዝ አካባቢ ደግሞ ጉድጓድ አለ። ጓደኛዬ ጉድጓዱን በማስተካከያ ሊሞላው ነበር፤ ያዝኩት። ጉድጓዱ የሚመጣው ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ከመጀመሪያው ጋር ተጣልቶ ሲጠፋፉ ነው። 10 ዴሲቤል ስትጨምር አምፑ አሥር እጥፍ ኃይል ያወጣል፤ ጉድጓዱ ግን እንዳለ ይቀራል። ተራራ ይቀነሳል፣ ጉድጓድ አይሞላም። ሶፋውን ከጀርባው ግድግዳ በግማሽ ሜትር ወደ ፊት ስናርቀው፣ ጉድጓዱ በራሱ ቀለል አለ።

እትዬ ቪኒል፦
ታዲያ ማይክ ከመግዛት ሶፋ ማንሳት አይሻልም?

ሞገድ፦
ሶፋውን የት እንደምታደርጊው የሚነግርሽ ማይኩ ነው እኮ እትዬ።

እትዬ ቪኒል፦
እኔ በግማሽ ሜትር ባነሳው በር አይከፈትም።

ኦዲሲ ያለኝ፦
እኔ ሪሲቨሬ ውስጥ ኦዲሲ አለ፣ ክፍሉን ራሱ ለክቶ ድምፁን የሚያስተካክል፤ የራሱ ማይክ ከሳጥኑ ወጥቷል። አልከፍልም ግን አልቃወምም።

ጸሐፊው፦
የሚከፍል ማን ነው ታዲያ? እጅ አውጡ።

የሰርግ ሳውንድ፦
ለመለካት የሚለቀቀውን የስዊፑን ድምፅስ አስባችኋል? ከ20 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 20 ሺህ እየጮኸ ይወጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዴ ከለቀቅኸው ጎረቤት በሩን ይደበድባል። ይህ ደግሞ በስብሰባ ቀን ነው የሚመቸው፤ ሰው ሁሉ በተገኘበት።

ጋሽ ካሴት፦
ስብሰባ ካላችሁ አይቀር፣ ባለፈው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከኋላ የተቀመጥን ምንም አልሰማንም። ሊቀመንበሩ በባዶ ጉሮሮ ነው የሚናገሩት። መናገሪያ ማይክም ያስፈልገናል።

እትዬ ቪኒል፦
ይህን ነው የምለው!

ቤዝ ይጨመር፦
እውነት ነው። ለሁሉ የሚጠቅመውን ቢሆን ይሻላል። መለኪያውን የሚያውቀው ሞገድ ብቻ ነው።

ሞገድ፦
የመለኪያ ማይክ ለንግግር አይሆንም። ከየአቅጣጫው እኩል ነው የሚሰማው፤ ስፒከር አጠገብ ስታደርጉት ይጮሃል። ሁለቱን አታደባልቁ። የኦዲዮ ማኅበር ነን መሰለኝ።

የሰርግ ሳውንድ፦
አንድ ጥሩ ማቆሚያ ግን ለሁለቱም ይሆናል። ሁለት ይገዛ።

ጋሽ ካሴት፦
ሁለት ይሁን። ልጆች፣ ተስማማን ማለት ነው።

ጸሐፊው፦
ቡልቡላ፣ ምናለሽ ተራ ምን አሉህ?

ጸሐፊው፦
ቡልቡላ?

ቤዝ ይጨመር፦
ኦንላይን ነበር። አይቶ ዘጋው።

የቨርጂኒያው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትኬቴ የረቡዕ ነው። ማይኩን ልዘዘው ወይስ ይቅር? ዛሬ ካላዘዝኩ አይደርስልኝም። ከላይ ያለውን ሁሉ አንብቤ አልጨረስኩም፤ ማቆሚያ የሚባለው ምንድን ነው? እሱ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ሞገድ፦
እዘዝ።

የሰርግ ሳውንድ፦
መጀመሪያ ማቆሚያው ይወሰን።

ጸሐፊው፦
የተሻሻለው ረቂቅ፦ ማቆሚያ ሁለት፣ መናገሪያ ማይክ አንድ፣ ገንዘብ ከተረፈ ዩሚክ-1 አንድ። አስቀያሚ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አብዛኛው ያለው ይህንኑ ነው። ሞገድ፣ ይቅርታ።

ሞገድ፦
ከተረፈ ነው ያልከው?

ገንዘብ ያዥ፦
እስካሁን በቴሌብር የገባው የሰባት ሰው ነው። ሁለቱ ምክንያት የሚለው ላይ «ለማቆሚያ ብቻ» ብለው ጽፈዋል። አንዱ 80 ብር ነው የላከው፤ ዜሮ ጎድሏል መሰለኝ፣ ይጨምር። ቡልቡላ ከከፈሉት መካከል የለም። ለቨርጂኒያው ማን ይመልስለታል? ስልኬ ላይ እየደወለ ነው።